የክላይቭ አረንጓዴ ጠብታ

የቲማሩ የትንንሽ አሮጌ መኪኖች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አርባ አንድ አንቀጽ አለው፤ አንብቦ የጨረሰው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም የሚያከብረው ደንቡ ውስጥ ያልተጻፈውን ነው፦ አረንጓዴ ቀለም ያረፈበት ዳዶ አይነካም።

ቀለሙ የክላይቭ ነው። ክላይቭ አርባ ዓመት ሙሉ የላም ማለቢያ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈው አንድ የታመመ ትከሻና አንድ ጆሮ ነው። ጆሮስ ሁለት አለው፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ቀኙ ነው። የማለቢያው ጎማ አየር ሲያሾልክ ከበረቱ በር ላይ ቆሞ ስንተኛዋ ላም ጋ እንደሆነ ይናገር ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጣ ያንን ጆሮ ወደ ካርቡራተር አዞረው።

የሞሪስ ማይነር መኪና ካርቡራተር ሆዱ ሥር አንዲት ባለ ስድስት ጎን ዳዶ አለችው። ወደ ላይ ሲያዞሯት ለሞተሩ የሚደርሰው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲያዞሯት ይጨምራል። ነገሩ ይኸው ነው። በዚህችው ነገር ግን ግማሹ ማኅበርተኛ ዓመቱን ሙሉ ይጨቃጨቃል፣ ግማሹ ደግሞ መኪናውን ይዞ ክላይቭ ዘንድ ይመጣል። ክላይቭ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣል፣ ዳዶዋን አንድ ጎን ወይ ግማሽ ጎን ያዞራል፣ ደግሞ ያዳምጣል። ሲረካ ከአሮጌ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ውስጥ የትራክተር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነክሮ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ ዳዶዋ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ወዲያ ያችን ዳዶ በቁልፍ መንካት ክላይቭን በእናቱ እንደ መስደብ ነው።

ማኅበሩ በየዓመቱ በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ የቁጠባ ጉዞ ያደርጋል። የሁሉም መኪና ታንከር እስከ አፉ ይሞላና ክዳኑ ይታሸጋል፤ ፌርሊ ደርሰው ሲመለሱ እንደገና ይሞላል፤ ትንሽ የጠጣችው መኪና ታሸንፋለች። ሽልማቱ እንጨት ላይ የተቸነከረ አሮጌ የቤንዚን መስፈሪያ ጣሳ ነው። ብር አይደለም፣ ናስ አይደለም፣ ጣሳ ነው። በዚህ ጣሳ ምክንያት ገናን አብረው መዋል የተዉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ።

ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ መኪኖቹ ሁሉ ክላይቭ መጋዘን ፊት ይሰለፋሉ። ክላይቭ ራሱ ተወዳዳሪ ነው። ተወዳዳሪ የተቀናቃኞቹን ካርቡራተር ሲያስተካክል ለማንም ገርሞት አያውቅም፤ የገረመው ቢኖርም አፍ አውጥቶ መናገር ጓደኛን መጠርጠር ስለሚሆን ዝም ይላል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ቅዳሜ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ዴስ ነበር። ዴስ ለገጠር ቤቶች ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ ከክላይቭ ጋር ከወጣትነት ጀምሮ አብሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጣሳውን ወስዷል። ይህ ብቻ ቢሆን ክላይቭ ይችለው ነበር። ያልቻለው የዴስን ሚስት የኖሊንን ኬክ ነው። ኖሊን በየጉዞው ከባሏ ጎን ተቀምጣ ካርታ ታነባለች፣ ቅርጫቷን ከእግሯ ሥር ታደርጋለች፤ አሸናፊው እንደታወቀ ቅርጫቱን ከፍታ ለክላይቭ ትልቁን ቁራሽ የዝንጅብል ኬክ ትሰጠዋለች። «አይዞህ ክላይቭዬ፣ ያንተም ቀን ይመጣል» ትላለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ክላይቭ በላው። ኬኩ ጣፋጭ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበው ይኸው ነው።

ታዲያ በዚያ ቅዳሜ እጁ ዳዶዋን ሁለት ጎን ወደ ታች አዞራት። ክላይቭ እስከ ዛሬ ሲያስበው «እጄ አዞራት» ነው የሚለው፣ እጁ የጎረቤት ይመስል። ከዚያ አረንጓዴውን ጠብታ አሳረፈባት። ዴስ «ሰላም ለእጅህ» ብሎት ሄደ። በማግስቱ ጣሳው የክላይቭ ሆነ፤ ኖሊንም «አላልኩህም?» ብላ የዚያኑ ያህል ቁራሽ ቆረጠችለት።

ሰኞ ሊመልሳት አስቦ ነበር። ሰኞ ሲደርስ ግን ምክንያት አጣ። ደህና ነው ብሎ ያተመውን ዳዶ በምን ሰበብ ይከፍታል? በየዓመቱ ቅዳሜ ሲመጣ «እስቲ ያንተንም ልየው» ይላል፤ ዴስ ደግሞ «ምኑን ታየዋለህ፣ አረንጓዴህ እንዳለ ነው» ብሎ ለሌላው ተራውን ይለቃል። ክላይቭም እውነቱን ለመናገር ሁለቴ አልለመነም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ነገሩ ተገለበጠ፤ የተወጋው መወጋቱን አላወቀም፣ የወጋው መርሳት አቃተው። ዴስ መኪናዋ ቤንዚን የምትበላበትን ምክንያት ፍለጋ ያልፈታው ነገር የለም። የኋላውን ወንበር ነቅሎ ጣለ። እግሬ ከብዶ ይሆናል ብሎ ጫማውን አውልቆ በካልሲ መንዳት ጀመረ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስወርዶ የፒስቶን ፋሻ ቀየረ። የመኪናዋ ጥቁር ጭስ ግን አልጠፋም፤ ማኅበርተኛው ከሩቅ ሲያየው «ዴስ መጣ፣ የታጠበ ልብስ ያላችሁ ከገመድ አውርዱ!» ይላል። አንድ መካኒክ «ካርቡራተሩን አይተኸዋል?» ቢለው ዴስ ተቆጣ። «ክላይቭ ነው ያስተካከለው» አለ። መካኒኩም ይቅርታ ጠየቀ።

ኖሊን በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴን አመመኝ ብላ ከጉዞው ቀረች። በሦስተኛውም ቀረች። በዚያው ዓመት ክረምት ሞተች። ክላይቭ ጣሳውን ከሳሎኑ መደርደሪያ አንስቶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ከሳሙናው ጀርባ ያኖረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም ወዲህ አራት ጊዜ አሸንፏል፤ ጣሳውን በየዓመቱ ለስም መጻፊያ ያወጣዋል፣ መልሶ ከሳሙናው ጀርባ ይከተዋል።

ዘንድሮ በየካቲት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብሬንዳ ስልክ ደወለች።

«ሰምተሃል? ዴስ አሮጊቷን ሊሸጣት ነው።»

«የቷን አሮጊት?»

«ስንት አሮጊት አለችው? ሞሪሷን ነዋ! ከአሽበርተን አንድ ሰው እሑድ መጥቶ ይወስዳታል። ሊነዳት እንዳይመስልህ፤ በትኖ ለመለዋወጫ ሊሸጣት ነው። ዴስ ሞተሯ ሞቷል ይላል።»

«አልሞተም» አለ ክላይቭ፣ ሳያስበው።

«አንተ በስልክም ይሰማሃል እንዴ? እንግዲያው ሂድና አድምጣት። ኖሊን የምትወዳት መኪና ናት። ካንተ ሌላ የሚያድናት የለም።»

ክላይቭ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ያን ቀን ሙሉ ካንተ ሌላ የሚያድናት የለም የሚለው ነገር ጆሮው ውስጥ ሲጮህ ዋለ። እውነት ነበር። እንዲህ ያለ እውነት ደግሞ ሰው አንገት ላይ እንደ ድንጋይ ይንጠለጠላል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ክላይቭ ከዴስ ጋራዥ ደረሰ። ዴስ በካልሲ ወጥቶ ተቀበለው።

«አስከሬን ልታይ መጣህ?»

«እስቲ አስነሳት።»

«ትነሳለች። መነሳቱንስ ትነሳለች። እኔም እኮ በየማለዳው እነሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ።»

መኪናዋ ሳለች፣ ተንፈራፈረች፣ ተነሳች። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ወጥቶ የጎረቤቱን አጥር አለፈ። ክላይቭ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ዳዶዋን ለማየት ባትሪ ማብራት ነበረበት። አረንጓዴዋ ጠብታ እንዳለች ናት። ቅባትና አቧራ ሰባት ዓመት በላይዋ ቢያልፍም በዙሪያዋ የተጠረገ ቦታ አለ። አንድ ሰው በጨርቅ ሲጠርጋት ኖሯል።

«እሷን አልነካሁም» አለ ዴስ ከክላይቭ ትከሻ በላይ ሆኖ። «ሞተሩን ሲያወርዱትም ቆሜ ነበር። ካርቡራተሩን እንዳለ በፎጣ ጠቅልዬ መኝታ ቤት አስቀመጥኩት። እነዚህ ልጆች እጃቸው አያርፍም።»

ክላይቭ ሞተሩን አጠፋ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አወጣቸው፤ አራቱም በጥቀርሻ ተለብጠዋል። ጠርጎ መለሳቸው። ሞተሩ እንደገና ተነስቶ ሲሞቅ በካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣቱ ጫፍ ትንሽ ገፋት። ሞተሩ ፍጥነት ጨመረና በዚያው ቀጠለ። ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ይህን የማኅበሩ ትንሹ አባል እንኳ ያውቃል። ዴስም ያውቃል። ቆሞ ሰማ፣ ግን አልሰማም፤ አረንጓዴ ጠብታ እያየ የሚሰማ ጆሮ የለም።

ክላይቭ ቁልፉን ዳዶዋ ላይ አሳረፈ። ቀለሙ ጠቅ ብሎ ተሰነጠቀ። አንድ ጎን ወደ ላይ። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ጠራ። ሁለተኛ ጎን። ማጉተምተሙ ቆመ። ዘንጓን ደግሞ ገፋ አደረጋት፤ ሞተሩ ለአፍታ ከፍ ብሎ ተመልሶ ረጋ። በቆመበት ሲዞር እንደ ግድግዳ ሰዓት ይመታል። ጭሱ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ።

ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ክላይቭ ምነው አንድ ሰዓት በፈጀ ብሎ ተመኘ።

ዴስ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንዴ!» አለ። በመኪናዋ ዙሪያ ሄደ፣ ማርሚታዋ ጋ ተንበረከከ፣ መዳፉን ዘርግቶ አየ። ንጹሕ ነው። «እንዴ! አንተ ሰውዬ! ምን ነበረች?»

«ትንሽ... ሚዛኗ ነው።»

«ትንሽ ይላል እንዴ! ሰባት ዓመት! ስንቱ መካኒክ ገብቶ የወጣባትን! እኔ እኮ ላስቸግረው አይገባም እያልኩ፤ አንዴ ሠርቶልኛል፣ ደግሞ ልጨቅጭቀው እንዴ እያልኩ...» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ሽማግሌ ሆንክ እንጂ እስምህ ነበር። በል አትማት። አረንጓዴህን አድርግባት።»

ክላይቭ ጠርሙሷን ከኪሱ አወጣ። ክዳኗን ከፈተ። ብሩሹን ነከረ። ብሩሹ ዳዶዋ ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ጠብታዋ ከጫፉ ወርዳ ጫማው ላይ አረፈች።

«ምነው?»

«መጀመሪያ እንንዳት» አለ ክላይቭ። «መንገድ ላይ ልስማት።»

ወደ ፕሌዘንት ፖይንት አወጧት። ዴስ በካልሲው የነዳጁን ፔዳል እየዳሰሰ፣ ክላይቭ ከጎኑ የተከፈተችውን ጠርሙስ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ። ዳገቱን ስትወጣ አላቃሰተችም። ዴስ ያፏጫል። ሰባት ዓመት ሳያፏጭ የኖረ ሰው መሆኑን ክላይቭ አሁን ገና ልብ አለ።

«ለአሽበርተኑ ሰውዬ እደውልለታለሁ» አለ ዴስ። «ቆርቆሮ ሲያምርህ ሌላ ቦታ ፈልግ እለዋለሁ። ደግሞ በማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቼ እናገራለሁ። እምላለሁ እናገራለሁ። ይህ ሰው ሐውልት ይገባዋል እላለሁ።»

«አትናገር።»

«እናገራለሁ! ሁሌ እንዲህ ነህ፣ ሲያመሰግኑህ ትሸሻለህ። ኖሊንም ትል ነበር፤ ክላይቭ ኬክ ስሰጠው መሬት መሬት ያያል ትል ነበር።»

«ዴስ፣ መኪናዋን አቁማት።»

«ምን ሰማህ? አንኳኳች?»

«አቁማት።»

ዴስ ከኦፒሂ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ከሣሩ ላይ አወጣት። ሞተሩ አልጠፋም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉ በጎች ቀና ብለው አዩአቸው፣ ክብር የሚገባው ነገር ስላላገኙ ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ክላይቭ ዓይኑን ጠርሙሷ ላይ ተክሎ ተናገረ። ብዙ ቃል አልፈጀበትም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያሳጥረው ኖሯል።

«እኔ ነኝ ያዞርኳት። ያኔ ቅዳሜ። አውቄ ነው።»

ዴስ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

«ስንት ጎን?»

«ሁለት።»

«ወደ ታች?»

«ወደ ታች።»

«ለጣሳው?»

«ለጣሳው።» ከዚያ ሐቁን እንዳያጎድል፣ «ለኬኩም» አለ።

ዴስ ራሱን ነቀነቀ፣ የእግር ኳስ ውጤት የነገሩት ይመስል። በጎቹን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«የኖሊን ጉልበት ደህና ነበረ።»

ክላይቭ ቀና አለ።

«ጉልበቷ ምንም አልነበረበትም። በዚያ ከተሸነፍኩ በኋላ ባለው ዓመት የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ጋራዥ አወጣሁ። ከብዶን ነው ብዬ። ትርፍ ጎማውን መዘንኩ፣ ክሪኩን መዘንኩ፣ ወንበሩን ነቅዬ መዘንኩ። ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። እሷ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ሳቀችብኝ። ‹እኔንስ አትመዝነኝም?› ብላ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ስትቀልድ እኮ ነው የወጣችው።» መሪውን በአውራ ጣቱ ፋቀ። «ጻፍኳት። ከክሪኩ በታች ጻፍኳት። አየችኝ። ‹እንግዲያው ልቅር?› አለችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ?»

ክላይቭ ጠርሙሷን አጥብቆ ያዘ።

«ዝም አልኩ። ዝም ማለት ምን እንደሆነ መቼም ላንተ አይነገርም። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ለሰው ያወራችው እኔን እንዳታሳፍረኝ ብላ ነው። በዓመቱም ደግማ ጉልበቴን አለች። ሦስተኛው ላይ ነይ ልላት አስቤ ነበር።» ጣቱን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ፣ ካርታ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። «ከክረምቱ አልወጣችም።»

ክላይቭ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ ግን መኪና ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ መሬትም የመከፈት ሐሳብ አልነበራትም። «አላወቅኩም» አለ። ድምፁ ሲወጣ ሰማው፤ የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ከየት ታውቃለህ። ዳዶዋን ያዞርክ አንተ ነህ፣ ሚስቴን ከክሪክ በታች የጻፍኩ እኔ ነኝ። የራሴን ላንተ አልሰጥም።» ከዚያ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «ያንተን ግን ውሰድ። ዳዶዋን ባታዞራት ሚዛኑ መታጠቢያ ቤት ይቀር ነበር።»

«አዎ።»

«ውረድ።»

ክላይቭ በሩን ከፈተ። እስከ ቲማሩ ምን ያህል እንደሚያስኬድ በሐሳቡ ለካ፣ ለትከሻው ይሻላል አለ፣ ወረደ። በሩን ሊዘጋ ሲል ዴስ የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት አጠፈው።

«ከኋላ ግባ።»

«ወንበር የለም እኮ።»

«ማን እንዳስነቀለው ታውቃለህ።»

ክላይቭ በሰባ አራት ዓመቱ እየተንፏቀቀ ገባ። ባዶ ቆርቆሮ ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ጉልበቶቹን ወደ አገጩ ሰብስቦ ተቀመጠ። ዴስ የፊተኛውን ወንበር መለሰው። ወንበሩ ባዶውን ሄደ።

እስከ ከተማው መንገዱ እያንዳንዱን ጠጠር ለክላይቭ በቆርቆሮው በኩል አቀበለው። ወደ ማርሚታው እንዲህ ቀርቦ ሞተር ሰምቶ አያውቅም፤ ምንም እንከን አልነበረውም።

ብሬንዳ ደጃፏ ላይ አጥር እየከረከመች ነበር። መኪናዋን ስታይ መቀሷን ጣለችና መንገድ መሃል ወጣች። ዴስ አቆመ።

«ጭሱ የታል? አይ ክላይቭ! አላልኩም? ተአምር ነው እኮ!» ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። «እንዴ፣ ምነው ከኋላ ተወሽቆ?»

«እያዳመጠ ነው» አለ ዴስ።

«ወለሉ ላይ?»

«ከዚያ ደህና ይሰማል። በመጋቢትም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ቅርጫት ታቅፎ። የዝንጅብል ኬክ ይጋግራል።»

ብሬንዳ ሳቀች። ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ተወችው። «ክብደት አይሆንብህም? ጣሳውን ከፈለግክ እኮ...»

«ይክበድ።»

«እና አረንጓዴውን አድርጎባታል?»

ዴስ ማርሹን አስገባ። «አላስደረግሁትም» አለ። «ከእንግዲህ ዳዶዬን ራሴ አዞራለሁ።»

ብሬንዳ ቀጥ አለች። ሠላሳ ዓመት ማኅበሩ ውስጥ ስትኖር እንዲህ የሚል ሰው አልሰማችም። ዓይኖቿ ከዴስ ወደ ኋላው ቆርቆሮ ቀስ ብለው ሄዱ፤ ክላይቭ እጁ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ ሊሸፍናት ሞከረ። ቀለሙ በጣቶቹ መሃል ፈስሶ እስከ አንጓው አረንጓዴ ሆኗል። ብሬንዳ እጁን አየች፤ ከመንገዱ ዞር ብላ አሳለፈቻቸው።

ክላይቭ ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ከሥሩ ሞተሩ ረግቶ ይመታል። በሕይወቱ እንዲህ አሳምሮ ያስተካከለው ሞተር አልነበረም፤ ጆሮውን እንዳይዘጋ ደግሞ እጁ ቀለም ነው።